በወዳጅ አገሮች መካከል ቪዛ ይቅር ወይስ ይኑር? ለክርክር መድረክ የመዘጋጃ መመሪያ

በወዳጅ አገሮች መካከል የቪዛ ግዴታ ይቅር ወይስ ይኑር የሚለው ርዕስ በዩኒቨርሲቲ የክርክር ክበባትም ሆነ በማኅበረሰብ መድረኮች ሲነሣ፣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ገና ከመነሻው ይበላሻል። ደጋፊው ወገን ስለ ወንድማማችነት፣ ስለ ጋራ ታሪክና ስለ ጉርብትና ይናገራል፤ ተቃዋሚው ስለ ጸጥታና ስለ ሥራ አጥነት ያስጠነቅቃል፤ ሁለቱም የተናገሩት እውነት ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ንግግራቸው በአንድ ጭብጥ ላይ ስላልተገናኘ ዳኛው የሚመዝነው ያጣል። ይህ መመሪያ የሚነሣው ቪዛ የወዳጅነት መለኪያ አይደለም ከሚል አቋም ነው። ቪዛ መንግሥት ተጓዡን የት፣ መቼና በማን ወጪ እንደሚመረምር የሚወስን አሠራር ነው። ቪዛ ማንሣትም በሩን መንቀል ሳይሆን፣ ከአጥሩ ውጭ የቆመውን ዘበኛ ወደ በረንዳው ማዛወር ነው። ስለዚህ ብርቱ ተከራካሪ የሚሟገተው ሁለቱ አገሮች ምን ያህል እንደሚዋደዱ ለማሳየት አይደለም፤ ቪዛው ሲነሣ ምርመራው ወዴት እንደሚዛወርና የገባው ሰው በቀኑ ሳይወጣ ቢቀር ኃላፊነቱ የማን እንደሚሆን ለማስረዳት ነው።

ወዳጅነት ብቻውን መከራከሪያ እንደማይሆን ለማሳየት የካናዳና የሜክሲኮ ጉዳይ ይበቃል። ሁለቱ አገሮች ከአሜሪካ ጋር በአንድ የንግድ ስምምነት ታስረው የሚኖሩ ወዳጆች ናቸው። ይሁንና ካናዳ በ2009 በሜክሲኮ ዜጎች ላይ የቪዛ ግዴታ ጣለች፤ በ2016 መጨረሻ አነሣችው፤ በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ በአብዛኞቹ ተጓዦች ላይ መልሳ ጣለችው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ንግዱ አልተቋረጠም፣ አምባሳደር አልተጠራም። የተለወጠው የጥገኝነት ጠያቂዎች ቁጥር ነበር። ደጋፊው ወገን ይህን ታሪክ አስቀድሞ ካላጠናው ተቃዋሚው ያነሣበታልና፣ ዝግጅቱን ከዚህ ቢጀምር ይጠቅመዋል።

ጭብጡን ማጥበብ

የአዘጋጁ የመጀመሪያ ሥራ የመከራከሪያውን ሐሳብ ማጥበብ ነው። «ወዳጅ አገሮች ቪዛ ሊጠያየቁ አይገባም» የሚል ሐሳብ ከቀረበ፣ አንዱ ስለ ሩዋንዳ ሌላው ስለ አውሮፓ እያወራ ሰዓቱ ያልቃል። ሐሳቡ የሚመለከታቸውን አገሮች፣ የሰነዱን ዓይነትና የሚጠየቀውን ውሳኔ በግልጽ መያዝ አለበት። ለኢትዮጵያውያን ተከራካሪዎች ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት «ኢትዮጵያ የአፍሪካ ኅብረትን የሰዎች ነጻ እንቅስቃሴ ፕሮቶኮል ልታጸድቅ ይገባል» የሚለው ነው። ፕሮቶኮሉን የአፍሪካ መሪዎች በጃንዋሪ 2018 የተቀበሉት እዚሁ አዲስ አበባ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በማርች ወር ኪጋሊ ላይ ለፊርማ ቀርቦ ከ30 በላይ አገሮች ፈርመውታል። በሥራ ላይ እንዲውል የ15 አገሮች ማጽደቅ ያስፈልጋል፤ እስከ 2024 ድረስ ግን ያጸደቁት ሩዋንዳ፣ ኒጀር፣ ማሊ እና ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ብቻ ነበሩ። በዚያው የኪጋሊ ጉባኤ የተፈረመው የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነት በአንጻሩ 22 አገሮች አጽድቀውት በሜይ 30 ቀን 2019 በሥራ ላይ ውሏል። መንግሥታት ለዕቃ የፈቀዱትን ለሰው ለምን አመነቱ? ክርክሩ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ከተገነባ ሁለቱም ወገኖች የሚይዙት ጭብጥ አይጠፋም።

ከዚህም የጠበበ ርዕስ ለሚፈልግ መድረክ የኢትዮጵያና የኬንያ ጉዳይ አለ። ሁለቱ አገሮች ለበርካታ አሥርት ዓመታት አንዱ የሌላውን ዜጋ ለአጭር ጉብኝት ያለ ቪዛ ሲያስገቡ ኖረዋል። እዚህ ላይ «ቪዛ ይቅር» ብሎ መከራከር ትርጉም የለውም፤ «የሁለቱ አገሮች ዜጎች ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት ይችሉ ዘንድ ስምምነቱ ሊሰፋ ይገባል» ቢባል ግን አዲስ ሙግት ይከፈታል።

ጭብጡ ከተያዘ በኋላ የመጀመሪያው ተናጋሪ አራት ነገሮችን መለየት ይኖርበታል። አንደኛው ምንም ቅድመ ፈቃድ ሳይጠየቅ በፓስፖርት ብቻ መግባት ነው። ሁለተኛው በአውሮፕላን ማረፊያ ወይም በድንበር ኬላ ሲደርሱ የሚሰጥ ቪዛ ነው፤ ኢትዮጵያ በኖቬምበር 2018 ለአፍሪካውያን የጀመረችው ይህን ነበር። ሦስተኛው ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት የሚጠየቅ ፈቃድ ነው። አራተኛውና ከሦስቱ ፈጽሞ የሚለየው በአገሩ የመኖር፣ የመሥራትና ድርጅት የማቋቋም መብት ነው። የአፍሪካ ኅብረቱ ፕሮቶኮል ራሱ ጉዳዩን በሦስት ደረጃ ከፍሎ፣ በመጀመሪያው ደረጃ እስከ 90 ቀን የሚደርስ የመግባት መብትን፣ በሁለተኛው የመኖርን፣ በሦስተኛው ሥራ ወይም ንግድ የማቋቋምን መብት ያስቀምጣል። ተቃዋሚው ስለ ሥራ ገበያ መጥበብ ሲናገር ደጋፊው «እርስዎ የሚያነሡት የሦስተኛውን ደረጃ ጉዳይ ነው፤ እኛ የምንከራከረው ስለ መጀመሪያው ነው» ብሎ መመለስ የሚችለው ይህን ልዩነት ገና በመክፈቻው ካስመዘገበ ብቻ ነው። በመልስ መልስ ጊዜ ትዝ ቢለው ዳኛው እንደ ማምለጫ ይቆጥርበታል።

የእነዚህ ልዩነቶች መደባለቅ ምን እንደሚያስከትል ኬንያ አሳይታለች። መንግሥቷ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ አገሪቱ ለዓለም ሁሉ ከቪዛ ነጻ ሆናለች ብሎ አወጀ፤ በተግባር ግን ተጓዡ ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት ቅጽ ሞልቶ 30 ዶላር ከፍሎ ፈቃድ እንዲይዝ ተጠየቀ። ቀድሞ ምንም ሳይከፍሉ ይገቡ የነበሩ የአንዳንድ አገሮች ዜጎች «ነጻነቱ» አዲስ ወጪ ሆኖባቸው ቅሬታ አሰሙ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ኢትዮጵያን ጨምሮ አስቀድመው ቪዛ የማስቀረት ስምምነት የነበራቸው አገሮች ከግዴታው ወጡ። በ2025 ደግሞ ነጻነቱ ለአብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች ሰፋ። ከዚህ ታሪክ ደጋፊውም ተቃዋሚውም የሚወስደው ትምህርት አለ፤ ስሙ የተቀየረ ሁሉ አሠራሩ አልተቀየረም።

የደጋፊው ወገን ዝግጅት

ደጋፊው የማስረዳት ሸክም አለበት። ነባሩ አሠራር ጉዳት እንዳለው፣ የሚቀርበው ለውጥም ጉዳቱን እንደሚያቃልል ማሳየት ይጠበቅበታል። ከማስረጃዎቹ ሁሉ ጠንካራው ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ፣ ማለትም ኤኮዋስ፣ በ1979 ዳካር ላይ በፈረመው ፕሮቶኮል የአባል አገር ዜጋ ሌላው አባል አገር ገብቶ 90 ቀን ያለ ቪዛ እንዲቆይ ፈቅዷል። በእነዚህ አሥርት ዓመታት ውስጥ በአካባቢው የእርስ በርስ ጦርነት ተካሂዷል፣ መፈንቅለ መንግሥት ተደጋግሟል፣ ወረርሽኝ ተነሥቷል፤ የ90 ቀኑ መርህ ግን ጸንቶ ቆይቷል። ሌላው ማስረጃ በቅርብ ዓመታት በራሳቸው ውሳኔ ለአፍሪካውያን ሁሉ በራቸውን የከፈቱት አገሮች ናቸው፤ ቤኒን፣ ጋምቢያ፣ ሲሸልስና ሩዋንዳ በዚህ ይጠቀሳሉ፤ ጋናም በ2025 መጀመሪያ እንደምትከተላቸው አስታውቃለች። ደጋፊው እነዚህን ሲጠቅስ ግን «ከከፈቱ በኋላ በለጸጉ» ወደሚል ድምዳሜ መቸኮል የለበትም። ሩዋንዳ በዚያው ጊዜ የስብሰባ አዳራሽ ገንብታለች፣ አየር መንገዷን አስፋፍታለች፤ የእንግዳው መብዛት ከቪዛው መነሣት ብቻ የመጣ ነው ማለት በመጀመሪያው መስቀለኛ ጥያቄ ይፈርሳል።

የሚያዋጣው ክርክሩን ወደ ተጓዡ ማውረድ ነው። የቪዛ ወጪ የሚባለው የማመልከቻው ክፍያ ብቻ አይደለም። በአገሩ ኤምባሲ የሌለ እንደሆነ አመልካቹ ወደ ሦስተኛ አገር ይጓዛል፣ ፓስፖርቱን ለሳምንታት ያስረክባል፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫና የሆቴል ማስያዣ ያቀርባል፤ ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስለትም። ከሐዋሳ ወደ ናይሮቢ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴና ከአዲስ አበባ ወደ ፓሪስ ለኤግዚቢሽን የሚሄድ ነጋዴ የሚከፍሉት ዋጋ ጎን ለጎን ቢቀርብ ዳኛው ጉዳቱን ያየዋል። በተለይ የአነስተኛ ነጋዴው ጉዳይ ክብደት አለው፤ ትልቁ ኩባንያ ጉዳይ አስፈጻሚ ይቀጥራል፣ ትንሹ ግን ጉዞውን ይተወዋል፤ የተተወ ጉዞ ደግሞ በየትኛውም የኢሚግሬሽን መዝገብ ላይ አይታይም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኬንያና የኢትዮጵያ ከቪዛ ነጻ ግንኙነት ለደጋፊው በሁለት በኩል የተሳለ ማስረጃ ነው። በአንድ በኩል በሩ ለአሥርት ዓመታት ተከፍቶ የተፈራው ጎርፍ አለመምጣቱን ያሳያል። በሌላ በኩል ግን በሩ ተከፍቶም በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ንግድ ከሕዝባቸው ብዛት አንጻር አነስተኛ ሆኖ መቅረቱ፣ ዋናው መሰናክል ቪዛ እንዳልነበረ ሊያስረዳ ይችላል። የሁለቱ አገሮች መሪዎች በዲሴምበር 2020 በሞያሌ የጋራ የድንበር ኬላውን የመረቁትም መንገዱ፣ የጉምሩክ ፍተሻውና የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ ከቪዛ ያላነሰ እንቅፋት መሆኑን በመረዳት ይመስለኛል። ደጋፊው ይህን አስቀድሞ አምኖ፣ «ቪዛ ብቻውን አይበቃም፣ ያለ እሱም አይሆንም» የሚል መስመር ቢይዝ ከመደበቅ ይሻለዋል።

የተቃዋሚው ወገን ዝግጅት

ተቃዋሚ ሆኖ የሚመደብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቅር ይለዋል፤ የወንድም አገር ዜጋን አትግባ ማለት ደስ አይልምና። ስለዚህም አንዳንዱ ክርክሩን ወደ ፍርሃት ይወስደዋል፦ ወንጀል፣ በሽታ፣ ሽብር። ይህ መንገድ ክብርም ነጥብም ያሳጣል። የተቃዋሚው እውነተኛ ጉልበት ያለው በሦስት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው፣ ቪዛ ያነሣው አገር ወደ ሦስተኛ አገር መሸጋገሪያ መሆኑ ነው። ኢኳዶር በ2008 ለዓለም ሁሉ ያለ ቪዛ ልግባ ላለ በሯን ከፈተች፤ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ አገሪቱ ወደ ሰሜን ለሚሄዱ ስደተኞችና ለደላሎቻቸው መነሻ ሆነች ተብሎ በ2010 ኢትዮጵያን፣ ኤርትራን፣ ሶማሊያንና ኬንያን ጨምሮ በዘጠኝ አገሮች ዜጎች ላይ ቪዛ ተመለሰ። ሰርቢያም በ2022 ለቱኒዚያና ለቡሩንዲ ዜጎች የነበረውን ነጻ መግቢያ የሻረችው በዜጎቹ ተበድላ ሳይሆን የአውሮፓ ኅብረት ስለጫናት ነው። ወደ እኛ ሲመጣ፣ ከሞያሌ ተነሥቶ በኬንያና በታንዛኒያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው መንገድ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በማርች 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ሕይወታቸው አልፎ የተገኙት 64 ኢትዮጵያውያን ይመሰክራሉ። ተቃዋሚው ይህን ሲያነሣ፣ የመጀመሪያው ድንበር ክፍት መሆኑ ደላላው ሥራውን በሕጋዊ መንገድ እንዲጀምር አስችሎታል ብሎ ሊከራከር ይችላል። ደጋፊው በበኩሉ ሞት የመጣው ከተከፈተው ድንበር ሳይሆን ከተዘጉት ድንበሮች ነው ብሎ ይመልሳል። በእኔ ግምት ሁለተኛው ክርክር ይበረታል፤ ነገር ግን የሚበረታው በሚገባ ከቀረበ ብቻ ነው። በሁለቱም በኩል ግን ሟቾቹን ለንግግር ማሳመሪያ መጠቀም ነውር ነው፤ አንድ ጊዜ በአክብሮት ጠቅሶ ማለፍ ይገባል።

ሁለተኛው ቪዛ የተነሣለት ፓስፖርት እውነተኛነት ነው። አንድ አገር ከሌላው ጋር ቪዛ ሲያነሣ፣ ያን አገር ፓስፖርት የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት አሠራር ሁሉ አብሮ ይቀበላል። ቫኑዋቱ የተባለችው የፓስፊክ ደሴት አገር ዜግነትን ለባለ ገንዘብ በመሸጧ የአውሮፓ ኅብረት የሰጣትን ነጻ መግቢያ በ2022 ማገድ ጀመረ። የልደት ምዝገባና ብሔራዊ መታወቂያ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ገና በመስፋፋት ላይ መሆኑን ተቃዋሚው ከዚህ ጋር ቢያያይዝ፣ «መርሁን አንቃወምም፣ ቅደም ተከተሉን እንጂ» የሚል ጠንካራ አቋም ይኖረዋል።

ሦስተኛው ጥገኝነት ነው፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ የማያደርግ ተከራካሪ ይወድቃል። ጥገኝነት መጠየቅ ማጭበርበር አይደለም። በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነትና የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1969 እዚሁ አዲስ አበባ ባጸደቀው ስምምነት የታወቀ መብት ነው፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን የምታስተናግደው ኢትዮጵያም የሁለቱም አካል ናት። ተቃዋሚው ሊል የሚችለው፣ ከቪዛ ነጻ የሆነ መግቢያ የጥገኝነት ማመልከቻዎችን በአንድ ጊዜ ሲያበዛ እውነተኛ ተሰዳጁም አብሮ ወረፋ እንደሚጠብቅ ነው። ከዚህ ያለፈ ነገር ማለት ክርክሩን ከፖሊሲ ወደ ጥላቻ ይወስደዋል።

የሰጥቶ መቀበል ጉዳይ

ከሁሉ የሞቀው እሰጥ አገባ የሚነሣው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። «እነሱ ቪዛ እየጠየቁን እኛ ለምን በነጻ እናስገባለን?» የሚለው ስሜት ተፈጥሯዊ ነው፤ መልሱ ግን እንደ አገሩ ሁኔታ ይለያያል፤ ብራዚልንና ናሚቢያን ማነጻጸር ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ብራዚል በ2019 ለአሜሪካ፣ ለካናዳ፣ ለአውስትራሊያና ለጃፓን ዜጎች በአንድ ወገን ውሳኔ ቪዛ አነሣች። የመንግሥት ለውጥ ከተደረገ በኋላ ውሳኔው ሰጥቶ መቀበልን የጣሰ ነው ተብሎ እንዲቀለበስ ተወሰነ፤ ጃፓን በ2023 ለብራዚላውያን ቪዛ በማንሣቷ ከቅጣቱ ስትወጣ፣ በሦስቱ ላይ ግን ከተደጋጋሚ ማራዘም በኋላ በኤፕሪል 2025 ቪዛው ተመልሷል። ማራዘሙ በራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ አጸፋ መመለስ ለክብር ቢያስፈልግም የሆቴልና የአስጎብኚ ድርጅቶች ገቢ መንግሥትን እንዲያመነታ ያደርጋል። ናሚቢያ በአንጻሩ እሷ በነጻ እያስገባች ቪዛ በሚጠይቋት ከ30 በላይ አገሮች ላይ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ግዴታ ስትጥል፣ እንግዳው እንደደረሰ ከፍሎ እንዲያገኘው አድርጋ ክብሯንም ገቢዋንም ለማስጠበቅ ሞክራለች።

ከዚህ ተነሥቶ ተከራካሪው አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ መያዝ አለበት፦ አጸፋው የሚጎዳው ማንን ነው? በድሃና በሀብታም አገር መካከል የሚጣል እኩል ግዴታ እኩል ጉዳት አያደርስም። አሜሪካዊው ጎብኚ ላሊበላን ትቶ ወደ ዮርዳኖሷ ጥንታዊ ከተማ ፔትራ ይሄዳል፤ ኢትዮጵያዊው ተማሪ ግን የተቀበለውን ዩኒቨርሲቲ በሌላ አይተካውም። በእኩዮች መካከል፣ ለምሳሌ በሁለት የአፍሪካ አገሮች መካከል፣ አጸፋ የመደራደሪያ ኃይል ሊሆን ይችላል፤ በማይተካከሉ መካከል ግን ብዙውን ጊዜ ራስን መቅጣት ነው። ከዚህ ፍርድ የሚለይ ተከራካሪ ሉዓላዊነትን እንደ መርህ ይዞ ቢሟገት ክርክሩ የተከበረ ነው፤ ግን ዋጋውን ተናግሮ ይሟገት።

ሰጥቶ መቀበል በዜጎች መካከል አድልዎ አለማድረግንም ይጨምራል። አሜሪካ እስራኤልን ቪዛ ወደማይጠየቁ አገሮች ዝርዝር በሴፕቴምበር 2023 ያስገባችው፣ እስራኤል የፍልስጤም ተወላጅ የሆኑትን ጨምሮ ለአሜሪካ ዜጎች ሁሉ እኩል መግቢያ እንድትሰጥ ከተጠየቀች በኋላ ነው። ሁለቱ አገሮች ከዚያ በፊት ለአሥርት ዓመታት የቅርብ ወዳጆች ነበሩ፤ ወዳጅነቱ በሩን አልከፈተውም።

ዜጋን መልሶ መቀበል

ተከራካሪዎች ብዙም የማይዘጋጁበት፣ መንግሥታት ግን ከሁሉ በላይ የሚደራደሩበት ጉዳይ የሚባረር ዜጋን መልሶ መቀበል ነው። ኢትዮጵያና የአውሮፓ ኅብረት በ2018 መጀመሪያ በአውሮፓ የመኖሪያ ፈቃድ ያላገኙ ኢትዮጵያውያን ስለሚመለሱበት አሠራር ተስማምተው ነበር። ኅብረቱ አፈጻጸሙ አላረካኝም በማለት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን የቪዛ አመልካቾች ላይ ገደብ ጣለ፤ ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዘመ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ቀረ፣ የዲፕሎማቲክና የሰርቪስ ፓስፖርት ያዦች የክፍያ ነጻነት ሊሰጣቸው እንዳይችል ተደረገ።

ይህ ጉዳይ ለሁለቱም ወገኖች ወርቅ ነው። ተቃዋሚው፣ መልሶ የመቀበል አሠራር ያልተዘጋጀለት ነጻ መግቢያ ነገ ወደ ቅጣት እንደሚለወጥ ያሳይበታል። ደጋፊው ደግሞ፣ ቅጣቱ የወደቀው ሕግ በጣሰው ላይ ሳይሆን ወረፋ ጠብቆ በሕጋዊ መንገድ ባመለከተው ተማሪ፣ ሐኪምና ነጋዴ ላይ መሆኑን አንሥቶ የአሠራሩን ፍትሐዊነት ይሞግታል። ከዚህ አልፎ፣ ዜጋን መልሶ መቀበል ቀላል የፊርማ ጉዳይ እንዳልሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል። ሰውየው ሰነድ ከሌለው ዜግነቱን ማን ያረጋግጣል? ጎረቤት አገር ተወልዶ ያደገ ቢሆንስ? ሲመለስ የሚያርፍበትና የሚሠራው ከሌለስ? በዚህ ርዕስ ላይ ከምመለከታቸው ክርክሮች ውስጥ እነዚህን ጥያቄዎች አንሥቶ የሚመልስ ቡድን እምብዛም አላየሁም፤ የሚመልሰው ቡድን ግን ሁልጊዜ ጎልቶ ይወጣል።

ስምምነቱ ሲፈርስ

ደጋፊው ሊመልሰው የሚገባ ከባድ ተቃውሞ፣ ከቪዛ ነጻ መሆን የገባውን ሰው አይጠብቀውም የሚል ነው። የጋና መንግሥት በኖቬምበር 1969 የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው የውጭ ዜጎች በሁለት ሳምንት ውስጥ አገሩን ለቀው እንዲወጡ አዘዘ፤ ከተባረሩት ብዙዎቹ ናይጄሪያውያን ነበሩ። በጃንዋሪ 1983 በተራዋ ናይጄሪያ ተመሳሳይ ትእዛዝ ሰጠች፤ ከተባረሩት መካከል ከፍተኛው ቁጥር የጋናውያን ሆነ። ሁለተኛው የተፈጸመው የኤኮዋስ ፕሮቶኮል ከተፈረመ በኋላ ነው። ፕሮቶኮሉ በዚያን ጊዜ የፈቀደው የ90 ቀን መግቢያን እንጂ መኖርን አልነበረምና፣ ናይጄሪያ ሕግ እንዳልጣሰች ለመከራከር በቃች። በእኛው አካባቢም በሴፕቴምበር 2018 በቡሬና በዛላምበሳ የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር በደስታ ሲከፈት ሰዎች ያለ ቪዛ ተሻገሩ፤ የመግቢያ፣ የጉምሩክና የገንዘብ ልውውጥ ሥርዓት ግን በቅጡ ሳይዘረጋ በወራት ውስጥ መሻገሪያዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በሁለት መሪዎች መልካም ፈቃድ የተከፈተ በር በዚያው መንገድ ይዘጋል።

ስለዚህ ደጋፊው ሐሳቡን ሲያቀርብ አንቀጾቹን አብሮ ይዞ ይምጣ፦ የቆይታው ጣሪያ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን እንደሆነ፣ የመውጫ ምዝገባ በሁሉም ኬላ እንደሚደረግ፣ እገዳ የሚጣለው በምን መለኪያና ከስንት ጊዜ ማስጠንቀቂያ በኋላ እንደሆነ፣ እገዳ ሲጣል አስቀድመው የገቡት ምን እንደሚሆኑ። ኢጋድ በ2020 ካርቱም ላይ በሚኒስትሮች ደረጃ የተቀበለው የነጻ እንቅስቃሴ ፕሮቶኮል ከድርቅና ከተፈጥሮ አደጋ የሚሸሹ ሰዎች ድንበር እንዲሻገሩ የሚፈቅድ ድንጋጌ መያዙ ለቦረናና ለሶማሌ አርብቶ አደሮች ምን ትርጉም እንዳለው ማንሣትም ክርክሩን ከአውሮፕላን ማረፊያ አውጥቶ ወደ ድንበር ነዋሪው ያደርሰዋል።

ስለ ቁጥርና ስለ አቀራረብ

በዚህ ርዕስ ላይ በብዛት የሚምታቱት ሁለት መለኪያዎች ናቸው። ቪዛ የተከለከሉ አመልካቾች ድርሻ የሚለካው የቆንስላውን ጥርጣሬ ነው፤ ከተፈቀደላቸው ቀን በላይ የቆዩ ሰዎች ድርሻ ደግሞ የጎብኚውን ባሕርይ ይለካል። አሜሪካ አገሮችን ቪዛ ወደማይጠየቁት ዝርዝር ስታስገባ በመሠረቱ ከ3 በመቶ በታች የሆነ የክልከላ መጠን ትጠይቃለች፤ ይህ ማለት ዛሬ በጥርጣሬ የተከለከለ ሰው ነገ ለአገሩ ልጅ ክልከላ ምክንያት ይሆናል ማለት ነው። ተቃዋሚው የክልከላውን መጠን ይዞ «ሕግ አያከብሩም» ቢል፣ ደጋፊው የትኛውን መለኪያ እየተጠቀመ እንደሆነ በመስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቀው። እንዲሁም ድምር ቁጥር ሲጠቀስ ከስንት ተጓዥ ውስጥ እንደሆነ መጠየቅ ግዴታ ነው።

የአንድ ቁጥር ሁለት ንባብም አለ። የካናዳ መንግሥት በ2023 ከሜክሲኮ ዜጎች ከቀረቡት የጥገኝነት ጥያቄዎች 60 በመቶ ያህሉ ውድቅ የተደረጉ፣ አመልካቹ ራሱ የሰረዛቸው ወይም የተተዉ ናቸው ብሏል። ተቃዋሚው ይህን ብቻ ያነባል። ደጋፊው «የተቀሩት 40 በመቶስ? እነሱን ቪዛ ቢያግዳቸው የት ይሄዱ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ፤ የተተወ ማመልከቻና ውድቅ የተደረገ ማመልከቻ በአንድ ቋት መግባታቸውንም ያስመዝግብ።

ስለ አነጋገር ጥቂት ልጨምር። በአዳራሹ ውስጥ የሚከራከሩበት አገር ዜጋ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይህ የተለመደ ነው። «ኬንያውያን እንዲህ ናቸው»፣ «ኤርትራውያን እንዲያ ያደርጋሉ» ከማለት ይልቅ ስለ አሠራሩና ስለ አንቀጹ መናገር ይገባል። ተቃራኒውን ተናጋሪ በዕድሜ ቢያንስም «እርስዎ» ማለት፣ ዳኛውን «ክቡር ዳኛ» ወይም «ክብርት ዳኛ» ብሎ መጥራት ደንብ ነው። የመጨረሻው ተናጋሪ አዲስ ማስረጃ ማምጣት የለበትም። የቀረውን ጊዜ የወገኑ አቋም የሚያስከፍለውን ዋጋ በራሱ አንደበት ለመግለጽ ያውለው፦ ደጋፊ ከሆነ የተወሰኑ ሰዎች ከቀናቸው በላይ እንደሚቆዩ፣ ተቃዋሚ ከሆነ ደግሞ የተወሰኑ ሕጋዊ ተጓዦች ያለ ጥፋታቸው እንደሚቀሩ አምኖ፣ ያም ሆኖ አቋሙ ለምን እንደሚሻል ያስረዳ። ዳኞችም ይህን ዋጋ ስሙን ጠርቶ ላልተናገረ ቡድን ሙሉ ነጥብ ባይሰጡ መልካም ነው።